ለሀኒፋ ማን ነገራት?

ልጄ ዳናይት፣ ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ። የአፌ ካንሰር ሕክምና ካለቀ ወዲህ እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤታችንን ሀኒፋን ግን ጠርጥሬያታለሁ። በየጠዋቱ አልጫ ፍትፍት ይዛ ትመጣና «አባባ፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጡ? አፍዎን እየከፈቱ መንጋጋዎን አለማመዱ?» ትለኛለች። የሐኪሙን ትእዛዝ ማን ነገራት? አንቺ ነሽ! «ፒያሳን ሁሉ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ?» እላትና፣ ሳላደርግ አድርጌያለሁ ብዬ እሸኛታለሁ።

እሁድ ማኅበር ላይ ጓደኛዬ ሉልሰገድ ሊያጎርሰኝ ቢል አፌ አልከፈት አለ፤ ጉርሻው ጋቢዬ ላይ ወደቀ። «ኮራህብን እኮ!» አለኝ በሰው ፊት። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ በሬን ዘግቼ መንጋጋዬን አለማምደዋለሁ። ሐኪሙ አፍህ ሦስት ጣት እስኪያስገባ ድረስ ብሎኛል፤ ዛሬ ሁለት ገባ። ይህን ለሀኒፋ አልነገርኳትም። እባክሽ ከእንግዲህ እኔኑ ጠይቂኝ፤ አንቺን አልዋሽም። የእናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

አባትሽ ወልደገብርኤል