ሳልበላ አይነግሩኝም

ሸዋ ሮቢት
ዳግማ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ልጄ ለዘላለም አየለ
ዶሃ

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ልዘዝህ። ማንበብህን ከመቀጠልህ በፊት የፖስታውን ጠርዝ አገላብጠህ እየው። በሙጫ አልዘጋሁትም፤ በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ቀይ ካልሆነ ወይም ስፌቱ የኔን እጅ ካልመሰለህ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። የሚያደርስልህ ከዶሃ ለበዓል የመጣው ጓደኛህ ፍፁም ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ሰሞኑን ዓይኔን መሸሽ ጀምሯል። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ስልኩ የእህትህ የሩት ነው፤ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ብቻ ነው የማይህ፣ ሳወራህም ከጎኔ አትጠፋም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ስለዚህ ወደ ድሮው ደብዳቤ ተመለስኩ።

እንደምን አለህ ልጄ? እኔ ከጉልበቴና ከስኳሬ በቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱ የምታውቀው ነው፤ ምሽት ላይ እንኳ ግድግዳው ይፋጃል። የጓሯችን ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ጎረቤታችን ናፊሳ ግማሹ ወደ እሷ ግቢ ስለተንጠለጠለ ግማሹ የኔ ነው ብላ እንደ ልማዷ ስትከራከረኝ ከርማ ነበር።

የላክህልኝ በባትሪ የሚሄድ ባለወንበር ጋሪ ደርሶኛል። ሩት ስኩተር በይው ትለኛለች፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ «የእትዬ እቴነሽ ባጃጅ» ብለው ሰይመውታል። እጀታውን ሲጫኑት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል፤ ከባልም ከልጅም ይሻላል፣ የታዘዘውን ያደርጋል። ፍፁም በሆሳዕና ማግስት በአይሱዙ ጭኖ አመጣልኝ። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በሰው ትከሻ ተንጠልጥዬ መሆኑን በስልክ አልቅሼ ስለነገርኩህ እንደላክኸው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ገና ከመኪናው ሲወርድ ነው የጠረጠርኩት። ፍፁም አዲስ ነው፣ ዘላለም ከሱቅ ገዝቶ ነው የላከልዎት አለኝ። የወንበሩ ቆዳ ጠርዝ ጠርዙን ተሰነጣጥቋል፤ የእጀታው ጎማ በላብ ወዝቷል። ምሳ ብላ ብለው ቸኩያለሁ ብሎ ሄደ። እሱ ልጅ እኔ ቤት መጥቶ ሳይበላ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ አዲስ ነው ማለት ወግ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

በሆዴ የያዝኩት ሌላም ነገር ነበር። ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ በስልኩ ከደረትህ በታች አይቼህ አላውቅም። ድሮ እየተራመድክ ነበር የምታዋራኝ፤ ባሕሩን፣ ፎቁን፣ ሱቁን እያሳየኸኝ ራሴን ሲያዞረኝ «አንተ ልጅ፣ አንድ ቦታ ቁም» እልህ ነበር። ኋላ ከሕንፃ ሥራው ወጥቼ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ አገኘሁ አልከኝ። እልል አልኩ፤ ለጎረቤት ሁሉ ዳቦ ቆረስኩ። ጋሪው ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ጠፋህ። ሩትን ደውይልኝ ስላት ኔትወርክ የለም ትለኛለች። ለፋሲካ እንኳ ድምፅህን አልሰማሁም። ሸዋ ሮቢት ያለ ኔትወርክ ዶሃ ጠፋ ቢባል ማን ያምናል?

ሩት ለስቅለት ከአዲስ አበባ መጣች። እህትህን ታውቃታለህ፤ ስትመጣ መጀመሪያ የምታደርገው ወጥ ቤቱ እንዲህ ይሆናል ወይ ብላ መጣላት ነው። ዘንድሮ ግን «እሺ እማዬ»፣ «እንዳልሽ እማዬ» ብቻ ሆነች። ናፊሳም የማንጎውን ክርክር ትታ መጥታ እጄን ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣ ትሄዳለች። ከበር ውጭ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ፤ ብቅ ስል ስለ ሽንኩርት መወደድ ያወራሉ። ናፊሳ ሽንኩርት ገዝታ አታውቅም፤ ባሏ ነው የሚያመርተው።

ልጄ ሞቷል፣ መርዶ ሊያረዱኝ ነው አልኩ በልቤ።

ያሰብኩትን ሁሉ ልንገርህ። መርዶ በኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። በባዶ ሆድ አይነገርም። ሰውየውን በደንብ ያበሉታል፣ ያስተኙታል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል ይነግሩታል። አያትህን የወንድሟን መርዶ ስናረዳት ገንፎውን ያገነፋሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ መላ መታሁ። ካልበላሁ አይነግሩኝም። ካልነገሩኝ ደግሞ አንተ አልሞትክም።

ሰው ሁሉ ጾሙን ሲፈታ እኔ ሳልፈታ ቀረሁ። ዶሮው ሲቀርብ ሆዴን ነፍቶኛል አልኩ። መድኃኒቴን የምውጥበት ቁራሽ ቂጣ ተደብቄ እቀምሳለሁ እንጂ በሰው ፊት እህል አልነካሁም። ሩት ብዪልኝ እያለች አለቀሰች፤ ለቅሶዋን ሳይ የባሰ ጠረጠርኩ። እንደው ሳልዘጋጅ እንዳይደርስብኝ ብዬ የሐዘን ነጠላዬን አጥፌ በቦርሳዬ ከተትኩ፤ ጓሮ እንኳ ስወጣ ቦርሳዋን ይዤ ነው።

ዓርብ የኢድ ዕለት ሩት መዝናኛው ሄደን ተናፈሺ አለችኝ። ከከተማው መውጫ ላይ አዲስ የተከፈተ ነው፤ አንተ አታውቀውም። ሰው እየጫነ የሚሽከረከር ትልቅ ጎማ፣ ለልጆች የሚሆን ባቡር፣ በአየር የተነፋ ቤት አለው። ስንት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ወጥቼ የማላውቅ ሴትዮ ዛሬ ምን አግኝታችሁ ነው ለመዝናናት የምትወስዱኝ? ምግቡን እዚያ ሊያበሉኝ ነው አልኩ። ግን እምቢ ብል ቤት ያረዱኛል፤ ባዕድ ሕዝብ በሞላበት ግን መርዶ አይነገርም። ጋሪዬ ላይ ወጣሁ። ናፊሳም የኢድ ልብሷን ለብሳ ተከተለችን።

ፋሲካና ኢድ በአንድ ሳምንት ስለገጠሙ ከጀውሃም ከካራቆሬም የመጣ ሰው መሬቱን ሸፍኖታል። ጋሪ ይዘህ በሰው መሃል ሄደህ ታውቃለህ? (ይህን የጻፍኩት ሳላስብ ነው፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ታየዋለህ።) ሰው ጋሪውን ያያል እንጂ አይለቅልህም። እንደ ሙሽራ መኪና ጥሩምባ እየነፋሁ ገፋሁ። ሕፃናት ከኋላ ይንጠለጠላሉ፣ አንዷ ባቡሩ እሱ ነው ወይ ብላ እናቷን ጠየቀች። እኔ ግን ከፊት ከኋላ ዘመድ እየፈለግኩ ነበር። ካራቆሬ ያሉት አክስቶችህ ከመጡ አለቀልኝ።

የመግቢያው ሰልፍ መጨረሻ የለውም። ዘበኛው እርስዎ በዚህ ይለፉ ብሎ ጠራኝ። ነጠላዬ ጎማው ውስጥ ሊገባ ሲል ብድግ ብዬ ሰበሰብኩት። ልጆቿን ይዛ ፀሐይ ላይ የቆመች ሴት «ትቆማለች እኮ፣ እግር እያላት ነው!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እግሬን አየኝ። ዘበኛውም ተጠራጠረ፤ ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ መኪና ጋሪዬን ይዞር ጀመር። መቆም እንደምችል፣ መሄድ እንደማልችል ነገርኩት። ሌላውን ስጠረጥር ኖሬ፣ መጠርጠር እንዲህ እንደሚያቃጥል ያን ቀን አየሁ።

ያቺ ስትለሰልስ የሰነበተች እህትህ ያን ጊዜ ፈነዳች።

«የሚቆም ሁሉ ጤነኛ ነው ያለህ ማነው? በዚህ ወንበር የሚቀመጥ ሰው በአንድ እግሩም ይቆማል!»

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ናፊሳ ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረች። ዘበኛው አሳለፈን። እኔ ግን ቃሉን አልረሳሁትም፤ ሩት አንድ እግር ያለው ሰው የት አይታ ነው?

ውስጥ እንደገባን እንደፈራሁት ምግብ መጣ። ሳምቡሳ፣ ጥብስ፣ አይስክሬም፤ ሁሉንም ገፋሁ። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው። ትልቁን ጎማ ቀና ብዬ ሳይ እሱ ይዙር እኔ ልዙር ጠፋኝ፤ እጄ እጀታው ላይ ድርቅ አለ። ጋሪው ይዞኝ በረረና ሰው እጁን ከሚታጠብበት ቧንቧ ሥር ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ናፊሳ በዚያ በኢድ ቀሚሷ ጭቃው ውስጥ ገብታ ቴምር አፌ ላይ ያዘች።

«እትዬ፣ ይዋጡት።»

«አልበላም። ስበላ ልትነግሩኝ ነው።»

ለካ ይህን ያህል ቀን አልገባቸውም ነበር። ናፊሳ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ወላሂ፣ ዘላለም በሕይወት አለ። በዛሬ ቀን በውሸት አልምልም። ጠዋት ከሩት ጋር ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቴምሩን ዋጥኩ። ሌላም ሰጠችኝ፣ እሱንም ዋጥኩ። ልጄ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ በዕድሜዬ የለም። ጭቃው ውስጥ ተቀምጬ እየበላሁ አለቀስኩ፤ ሰው ይሳቅብኝ። እንባዬን ስጠርግ ግን ጥርጣሬዬ ተመለሰ፤ ታዲያ ምንድን ነው የምትደብቁኝ አልኳት። ሐኪም ቤት ነው አለች፤ የቀረውን እሱ ራሱ ይንገርዎት፣ አደራ አስሮናል አለች። ሩት ዞር ብላ ቆማለች።

ትናንት ሩት ገበያ ስትሄድ ጋሪውን ላጥብ ተቀመጥኩ። ጭቃው እግር ማሳረፊያው ላይ ደርቋል። በጨርቅ ፈትጌ ሳስለቅቀው በቀኝ በኩል ያለው የእግር መርገጫ ጎማ ሽንሽኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ገና ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። የግራው ግን አልቋል። ሽንሽኑ ጠፍቶ እንደ መዳፍ ልሟል።

አባትህ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜ ልኩን በረባሶ ሲሰፋ፣ የመጣለትን ጫማ ገልብጦ አይቶ ይሄ ሰው በቀኙ ያነክሳል፣ ይሄኛው ሸክም ይበዛበታል ይል ነበር። እኔም ሲያይ አይቻለሁ። በዚህ ጋሪ የተቀመጠ ሰው በግራው ብቻ ነው የረገጠው። ተረከዙ ያለቀበት ቦታ ላይ እግሬን ባሳርፍ አልሞላልኝም፤ ትልቅ እግር ነው፣ የወንድ እግር። ያንን እግር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ዘላለም፣ ጋሪው የተገዛው ለኔ አይደለም። ያንተ ነው። ቀኝ እግርህ የለም። ተቀምጬ የምሠራው ሥራ አገኘሁ ስትለኝ እልል ያልኩት በዚህ ነው። አንጀቴ ተቆረጠ። አላዘንኩብህም፤ በእህትህም በናፊሳም አላዘንኩም፤ ስኳሬን ፈርታችሁ ነው። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ጋሪህን ለእናትህ ሰጥተህ አንተ በምን ትሄዳለህ? ሰው ሠራሽ እግር እየተከሉልህ ከሆነ ተመስገን። አልጋ ላይ ቀርተህ፣ ለኔ አያስፈልገኝም ብለህ ከሆነ የላክኸው ግን፣ እንዲህ ያለ ስጦታ አልቀበልም፤ ወይ ጋሪው ይመለሳል ወይ አንተ ትመጣለህ።

ምናልባት እንደ መርዶው ይህንንም ተሳስቼ ይሆናል። ተሳስተሻል ብትለኝ እንደኔ የሚደሰት የለም። ብቻ አሁን በአፍህ ብትነግረኝ አላምንህም። ስትደውል ስልኩን ዝቅ አድርገህ አሳየኝ። አልጮህም፤ በልቼ ነው የምጠብቅህ።

ሩት እንደደረስኩበት አታውቅም፤ ዛሬ ከወጥ ቤቱ ጋር ተጣላች፣ ደስ አለኝ። ፍፁም ማንጎ ይዞልህ ይመጣል፤ ናፊሳ ከኔ ግማሽ ነው ብላ ከዛፉ የለቀመችው ነው። አባትህ የሰፋልህን በረባሶም ከግድግዳው አውርጄ እልክልሃለሁ። የግራውን ብቻ ነው የምሰጠው፤ ፍፁም ምን እንደሚል ልየው።

ድንግል ማርያም የምትደገፍባት ትሁንህ። የቆምክበት አይክዳህ፣ የተቀመጥክበት አይቆርቁርህ። እንደወጣህ አትቅር፤ ደጅህን ለመርገጥ ያብቃህ።

የምትወድህ እናትህ
እቴነሽ

ፖስታውን ሳልሰፋ ፍፁም ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ማንጎውን ሰጠሁት፣ ከዚያ በረባሶዋን፣ አንዷን። ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አያት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከልብሶቹ መሃል አስቀመጣት። ሌላዋስ የት አለች ብሎ አልጠየቀኝም።

ና ልጄ። ጋሪህ በር ላይ ነው።