የተሰነጠቀው ገንዳና ባዶዋ ሻንጣ

ሰኞ

ልጄ ዘርፌ ከጎንደር መጣች። ሳትቀመጥ ገንዳውን ዞረችው። የጣሪያውን ዝናብ የማጠራቅምበት የሲሚንቶ ገንዳ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። «አባባ፣ ዘንድሮም ካፈሰሰ ይዤዎት ነው የምሄደው። በዚህ ዕድሜዎ ጀሪካን ይዘው ውሃ ሲለምኑ አላይም» አለች። ጎንደር! በዚያ ብርድ ካልሲ አድርጌ ልተኛ? ሻንጣ ሳይቀር ይዛ መጥታለች፤ ባዶ።

ማክሰኞ

ግንበኛው ሙሉቀን መጣ። አምና የለጠፈው ሲሚንቶ እንደ ድንች ልጣጭ ተነስቷል።

«አንተ፣ ጠገንከው ወይስ ዱቄት ቀባኸው?» አልኩት።

«ፀሐዩ ነው አባባ! በጠራራ ለጥፌው፣ ሳይጠነክር አደረቀው።»

ዛሬ የላላውን ሁሉ በመሮ ፈልፍሎ አወጣ፤ አቧራውን ጠርጎ ግድግዳውን አራሰው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውስጡንም ውጭውንም ለጥፎ እርጥብ ጆንያ አለበሰው። «እንዳይደርቅ ውሃ ማጠጣት የእርስዎ ሥራ ነው» አለኝ። በስተርጅና ተሾምኩ።

ረቡዕ

ሙቀቱ የጉድ ነው። ጆንያው ላይ ያፈሰስኩት ውሃ ፊቴን ሳዞር ይደርቃል። ጎረቤቴ ሐጂ ባጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ሰው ውሃ አጥቶ እርስዎ ግድግዳ ያጠጣሉ?» አሉ።

«ግድግዳው ያመሰግነኛል። እርስዎ ስንት ሻይ ጠጥተውብኝ መቼ አመሰገኑ?»

ከሰዓት እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ፍየሌ የውጭውን ጆንያ ጎትታ አውርዳ ተኝታበታለች! ለምን አትተኛበት፣ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ግን ራቁቱን ፀሐይ ሲመታው ውሏል። ጠጋ ብዬ ሳየው ቀጭን ስንጥቅ። አለቀልኝ። ለዘርፌ ትንፍሽ አላልኩም።

ሐሙስ

ሙሉቀንን በጓሮ አስገባሁት። ስንጥቁን በጥፍሩ ነካ አደረገና ቆንጥሮ አነሳው። የፍየል ፀጉር! «አባባ፣ ጥገና የሚፈልገው ዓይንዎ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ፍየሏን ግን አሰርኳት።

ማክሰኞ እንደገና

ዝናቡ ቅዳሜ ወርዶ ገንዳውን ሞላው። ትናንት ውሃው የደረሰበት ላይ በከሰል አሰመርኩ። ዛሬ ማለዳ ዞሬ ዳበስኩ፤ ጠብታ የለም። ውሃውም መስመሩ ላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ በቀላሉ አልነግራትም። ፊቴን አጨፍግጌ፣ «ልብሴን ክተቺ ልጄ» አልኳት። ማጠፍ ጀመረች። ጋቢዬ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ። ቀልዱ ከበደኝ፤ እጇን ይዤ ወደ ገንዳው ወሰድኳት። መስመሩን አየች፣ ግድግዳውን ዳሰሰች፣ ከዚያ በጋቢው ትመታኝ ጀመር። «እኔ እኮ የት እንደማስተኛዎ ስጨነቅ ነው የከረምኩት! ቤቴ አንድ ክፍል መሆኗን ረሱት?»

በሚኒባስ ሄደች፤ ሻንጣዋ ባዶዋን።

ሙሉቀን ጆንያው ይነሳ ብሏል። እኔ ግን ገንዳው የመጪውን መጋቢት ፀሐይ እስኪያልፍ አላምነውም፤ እስከዚያ ግን እዚሁ ነኝ። አመሻሽ ላይ ሐጂ ጀሪካን ይዘው ብቅ አሉ።

«መጀመሪያ ግድግዳውን ያመስግኑ» አልኳቸው።

አመሰገኑት።