ቆሼ ላይ ስለተገኙት የፍትሕ መጻሕፍት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ቀዳማዊ
የወረዳችን የማኅበራዊ ፍትሕ ግንዛቤ ማስጨበጫ ዴስክ ኃላፊ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን አሞዎት ሦስት ሳምንት ቢሮ እንዳልገቡ ከጥበቃው ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ አዳማ ሥልጠና ላይ ነዎት ሲባል ሕመሙ ለመንገድ የሚያበቃ ያህል እንደተሻለዎት ተረድቼ ፈጣሪዬን አመስግኛለሁ። ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተሰቀለው አዲሱ መጋረጃም ሁሉም በደኅና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጤናዬ አምላኩ እባላለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ቆሼ ላይ ቆሻሻ እየለዩ ለሚተዳደሩ ጎልማሶች ፊደል የማስቆጥር ሴት ነኝ። በዕድሜ ቢሆን ልጄ ብዬ በጠራዎት ደስ ባለኝ፤ ወንበርዎን ግን ማክበር ይገባኛልና ክቡር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራቱ መልስ ስላላገኙ ነው። ነጥቦቼን በቁጥር የለየሁትም የዴስክዎ መጽሐፍ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «ቅሬታ አቅራቢ ነጥቦቹን በቁጥር ለይቶ ያቅርብ» ብሎ ስለሚያዝ ነው። እንደሚያዩት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብበነዋል። በወረዳው ያነበብነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

አንደኛ፣ ስለ መጽሐፉ ላመስግንዎ። ቆሼ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ካርቶኑ ለብቻ ተለይቶ ይሸጣል፤ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ግን አይሸጥም፣ አይረገጥም፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ የትኛው ወረቀት እንደዚያ እንደሆነ የሚያውቁት በሥዕሉ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ የቆሻሻ መኪና ጭነቱን ገልብጦ ሲሄድ ገመዳቸው እንኳ ያልተፈታ ካርቶኖች አብረው ወረዱ፤ ውስጣቸው ቀለሙ ገና የሚሸት አዲስ መጽሐፍ ነበር፤ ሽፋኑም ላይ ሚዛን ተሥሏል። ያኔ ገና ሀሁ ላይ የነበረችው ተማሪዬ ማኑሄ ሚዛኑን ስታይ ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ የሚመዝንበት ነው ብላ ተሳለመችው። አብሯት የሚሠራው መህዲም ሚዛን በእኛም ሃይማኖት አለ፣ የፍርድ ቀን ነው አለና ጓንቱን አውልቆ ካርቶኖቹን በባዶ እጁ አንድ በአንድ ተሸከመ። እንዲህ ሆኖ ነው ዴስክዎ ያሳተመው የማኅበራዊ ፍትሕ መማሪያ መጽሐፍ በክብር ተጠቅልሎ ከዝናብ የተረፈው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዱን አምጥተው እንዳነብላቸው ለመኑኝ። «ማኅበራዊ ፍትሕ ማለት የአገልግሎት፣ የዕድልና የሀብት ፍትሐዊ ተደራሽነትን የማረጋገጥ ሂደት ሲሆን» እያልኩ ሁለት ገጽ ካስኬድኳቸው በኋላ ማኑሄ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ጸሎቱ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?» አለችኝ። ጸሎት እንደሌለው ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። መህዲ ግን «ቆይ እስቲ ይቀጥሉ ቲቸር፣ ይሄ ነገር ስለኛ ነው እንዴ የሚያወራው?» አለ። በማስተማር በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ከዚያ በኋላ እንደሆነው ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥ ክፍል አላጋጠመኝም። ለዚህ ያበቃን መጽሐፉን ያሳተመው ሰው ብቻ ሳይሆን የጣለውም ሰው ነውና ሁለቱንም አመሰግናለሁ። በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የተለጠፈው ሪፖርት መጻሕፍቱ «ለልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች በተሳካ ሁኔታ ተሠራጭተዋል» ይላል፤ እውነትም ነው፤ የሚመለከተው ሰው ደጃፍ ድረስ በማድረስ ከቆሻሻ መኪናው ሾፌር የተሻለ ባለሙያ ወረዳችን ስላላፈራች እባክዎ የምስጋና የምስክር ወረቀት ይሰጠው።

ሁለተኛ፣ ስለ መማሪያ ማዕከሉ። ዴስክዎ ሪባን ቆርጦ የመረቀው ክፍል በእውነት ያማረ ነው፤ በመስኮት አይቼዋለሁ። በበሩ የገባሁበት ቀን ስለሌለ ስለ ወንበሮቹ ምቾት መመስከር አልችልም። ቁልፉን የያዘው ባልደረባችሁ አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ለቅሶ ነው፣ ሌላ ቀን ደግሞ «አሁን እዚህ ነበር እኮ» ነው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ለማንበብ የሚመጣ ተገልጋይ የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ይቅረብ» ይላል፤ ስለዚህ መታወቂያ የተከለከለ ሰው መታወቂያ የማግኘት መብቱን አንብቦ ለመረዳት በቅድሚያ መታወቂያ ማውጣት ይጠበቅበታል ማለት ነው። ከሥሩ «ተጨማሪ መረጃ በስልክዎ ያንሱ» የሚል አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ መህዲ ባለ ቁልፍ ስልኩን ምልክቱ ላይ ለጥፎ ለረጅም ጊዜ ጠብቋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ማኑሄ። እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው አስቀምጣለሁ።

ማኑሄ ከደቡብ ምዕራብ ገና በልጅነቷ መጥታ ኮልፌ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው እዚሁ ነው። ቤቷ ከቆሼው ግርጌ ያለ የቆርቆሮና የሸራ ቤት ስለሆነ የቤት ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ስለሌለው መታወቂያ የላትም፤ መታወቂያ ስለሌላት የጤና መድን ደብተር አይሰጣትም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቆሻሻ ስትለይ አንድ የተጣለ መርፌ ጓንቷን አልፎ የቀኝ እጇን አውራ ጣት ወጋት። ጤና ጣቢያ አጥበው አሸጉላትና ካበጠ ሆስፒታል ሂጂ አሏት። አበጠ። ሆስፒታሉ በር ላይ ደብተር ተጠየቀች፤ ደብተር የላትም፤ ተመለሰች።

የመጽሐፋችሁ ገጽ አርባ ሁለት የቤት ቁጥር የሌለው ነዋሪ በሦስት ጎረቤት ምስክርነት መታወቂያ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ያን ገጽ እኔ አላነበብኩላትም፤ ራሷ ናት በደኅናው እጇ ጣት እየተከተለች አንድ ሰዓት ሙሉ የፈጀችበት። ስትጨርስ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ይሄ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔም እውነት ነው፣ ታትሟል እኮ አልኳት። ክቡር ሆይ፣ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የታተመ ነገር እውነት ነው ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረ ሰው እኔ ነኝና የእርስዎን ዴስክ ብቻ ብወቅስ ግብዝ እሆናለሁ። ግንቦት ስድስት ቀን ሦስት ምስክሮቿን አስከትላ፣ ባበጠ ጣት እስክሪብቶ ይዛ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን የፈረመችበትን ማመልከቻ ይዛ፣ ማስረጃ ይሆነኛል ብላም መጽሐፉን ጨምራ ቢሮዎ ቀረበች።

አራተኛ፣ ስለ አቀባበሉ። ማመልከቻውን የተቀበለው ባለሙያ ማመልከቻውን አላነበበም፤ እጇንም አላየም፤ ያየው መጽሐፉን ነው። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ሲላት እሷ በቅንነት «ከቆሼ ነው ጌታዬ፣ ካርቶን ሙሉ አለ» አለችው። ወዲያው ሦስት ኃላፊዎች ተጠሩ፣ በር ተዘጋ፣ ስብሰባ ተቀመጡ። ወረዳችን እንዲህ በፍጥነት መሰብሰብ እንደምትችል አላውቅም ነበርና ተደንቄአለሁ። ከስብሰባው ሲወጡ ማመልከቻዋ እስኪጣራ ድረስ እንድትጠብቅ ነገሯት። ገጽ ሠላሳ አንድ መልስ በአሥራ አምስት ቀን ይሰጣል ስለሚል እሷም ቀኑን በከሰል ግድግዳዋ ላይ እያሠመረች ጠበቀች። በሰባተኛው ቀን እብጠቱ አንጓዋ ጋ ደረሰ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ክርኗ ጋ። ሌላ ቦታ እንሂድ፣ ሰው እንለምን ብዬ ስጨቀጭቃት «ሦስት ቀን ነው እኮ የቀረው ቲቸር፣ ከዛ በራሴ ደብተር እታከማለሁ» አለችኝ። በአሥራ አምስተኛው ቀን መልስ ልትሰማ ከቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጣ ሳለ ወደቀች። መህዲ ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባት። የድንገተኛ ክፍሏ ሐኪም ደብተር ሳትጠይቅ ተቀበለቻት፤ ስሟን አልጠቅስም፣ ደንብ ተላለፍሽ ብሎ የሚጠይቃት እንዳይመጣ። አውራ ጣቷንና ከአጠገቡ ያሉትን ሁለት ጣቶች ቆረጧት። እጅሽ በሙሉ ባለመሄዱ አመስግኚ አሏት፤ አመሰገነች።

አምስተኛ፣ ስለ መልሳችሁ። መልሱ በሃያ ሦስተኛው ቀን ደርሶናል። በመዘግየቱ አላማርርም፤ ማኅተሙ ከሁሉም ማኅተሞች የጎላ ነው። ስለ መታወቂያ አንድም ቃል የለበትም። የሚለው ወይዘሮ ማኑሄ «የመንግሥትን ንብረት ያለ አግባብ ይዘው በመገኘታቸው» ሰኔ ሠላሳ ቀን ቀርበው መጻሕፍቱን እንዲያስረክቡና ለጥያቄ እንዲዘጋጁ ነው። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይባላል። የጣላችሁትን ያነሳች ሴት በንብረት ከተጠየቀች የጣለው ሰው በምን ሊጠየቅ ነው? ይህን ጥያቄ በመጽሐፉ መጨረሻ ከተደረደሩት የመወያያ ጥያቄዎች መካከል ፈልጌ አጣሁት፤ በሁለተኛው እትም እንዲካተት በትሕትና አሳስባለሁ።

ስድስተኛው ነጥቤ ከበራችሁ በላይ ስለተሰቀለው «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ስለሚለው ባነር ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ግማሹን ስለቀደደው ትቼዋለሁ።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። መጻሕፍቱን ከፈለጋችሁ እንመልሳለን፤ መህዲ በጋሪ ያደርስላችኋል፤ በዚህ ጊዜ የት እንደምትጥሏቸው ግን አስቀድማችሁ ንገሩን፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ያነበብነውን መመለስ ግን አይቻለንም። ለማኑሄ መታወቂያ ስጧት። ቁስሏ አልጠገገም፤ በየሁለት ቀኑ መታጠብ አለበት፤ ሐኪሟ ምናልባት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል ብላለች። ያን ጊዜ ያቺ ሐኪም ተረኛ ላትሆን ትችላለች፤ በሩ ላይ ያለው ሰው ግን ሁልጊዜ አለ። ፈርቻለሁ፣ አቶ ቀዳማዊ። ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩት ስለፈራሁ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ክቡር መባሉ ቀርቶ ልጄ ሊባል የሚገባው ሰው ካለ ዛሬውኑ አንዲት ወረቀት ላይ ይፈርም።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ የማያልቅ ቀለምን፣ ለወገብዎ ፍጹም ፈውስን፣ ለሚቀጥለው ሥልጠናዎም መልካም መንገድን እየተመኘሁ፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ወረፋዬን ይዤ የምጠብቅዎ፣

ታዛዥ ነዋሪዎ
ጤናዬ አምላኩ
ጡረተኛ መምህርት
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመማሪያ ማዕከሉ (በበሩ ሥር የሚገባ)
ለቅዳሜው ክፍል
ለወይዘሮ ማኑሄ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መልስ ብላችሁ የላካችሁት መጥሪያ ከታች «ተጠሪዋ መጥሪያው ስለመድረሱ በቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ ያረጋግጡ» ይላል። ይህን ማቅረብ እንደማንችል ከላይ ካነበቡት ይረዱታል። የግራውን ትቀበሉ እንደሆነ ባለሙያዎን ጠይቄው «ቅጹ አይፈቅድም እናቴ» ብሎኛል፤ ትሑት ልጅ ነው። ማኑሄ ራሷ ግን አሻራ አላኖርም ብላለች። «ስሜን ነው የምጽፈው» ብላ በግራ እጇ መለማመድ ጀምራለች፤ «ማ» አልቋል፣ አሁን «ኑ» ላይ ነን። ሰኔ ሠላሳ ቀን ያለ ጥርጥር ትቀርባለች፤ እርስዎም እንዳይቀሩ። ስሟን ጽፋ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል፤ እስክትጨርስ ድረስ በዚህ አንድ ቀን እናንተ እሷን ትጠብቃላችሁ።