የአባባ ሰልፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲያልፍ ሕመሙም አብሮ ይለቅዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሌሊት ሌሊት የሚነሣብዎት ሳልስ ተሻለዎት? አክስቴስ ደኅና ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ማንም ሰው ደብዳቤ ሲጀምር የሚጽፈው ስለሆነ ከቁም ነገር ላይቆጥሩልኝ ይችላሉ። ስለዚህ በራሴ አነጋገር ልበለው፤ ናፍቀውኛል። አራት ዓመት ሙሉ ቆሽቴ እያረረ ናፍቀውኛል።

ጽሑፌን ሲያዩ እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤዬ የመምህራን ማሠልጠኛውን ትቼ ታፔላ መጻፍ መጀመሬን ለማስረዳት የላክሁልዎት ባለ ሦስት ገጹ ነበር። እርስዎም መልስ አልጻፉልኝም። ያንኑ ደብዳቤ አሥራ ሰባት ቦታ ላይ በቀይ እርሳስ አርመው መልሰው ላኩልኝ፤ ከግርጌው ላይ «ተጣድፈሻል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበረበት። እኔ ሆዴን ገልብጬ ሳሳይዎት እርስዎ የትኛው «ሀ» በየትኛው «ሐ» ቦታ እንደ ገባ ይፈልጉ ነበር። በጣም ተናደድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎን የምጠራበትን ቃል ከአፌ ላላወጣው ማልኩ፤ መሐላዬንም ጠበቅሁ። አክስቴ ስትደውልልኝ «ሰውዬው ደኅና ናቸው?» እያልኩ ነበር የምጠይቃት። እሷም እየሳቀች ሰውዬው ደኅና ናቸው ትለኛለች። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ከተቀመጥኩ አይቀር አልደብቅዎትም።

አሁን የምሠራው በከተማው ባህል ቢሮ ነው። እዚህ ብርዱ እንዳለፈ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ቤቱ አይቀመጥም። በመናፈሻው የሙዚቃ ድግስ አለ፣ በየመንገዱ ቲያትር ይታያል፣ መጽሐፍ ሻጮች አደባባዩን ይሞሉታል፣ ልጆች አስፋልት ላይ በጠመኔ ሥዕል ይሥላሉ። ከሁሉም ትልቁ ግን የአበባ ሰልፉ ነው። አበባ አምራቾቹ ጋሪዎቻቸውን አስጊጠው ከወንዙ ድልድይ እስከ መናፈሻው በር ይሰለፋሉ፣ ማርሽ ባንዱ ከፊት ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ማስታወቂያውንና ታፔላውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን ስማቸው ሌላ ነው፤ እኛ ግን ከጀርባቸው ጋሽ ይጣራ እንላቸዋለን። ሻዩ ቀዝቅዟል ቢሏቸው እንኳ ጉዳዩ ይጣራ ይላሉ። ታዲያ ዘንድሮ እኚሁ ሰው ማስታወቂያው የኮምፒውተር ፊደል ሳይሆን የእጅ ጽሑፍ ይሁን አሉ። ደስታዬን አይጠይቁኝ። ሦስት ቀን ሙሉ «የአበባ ሰልፍ» የሚለውን በብሩሽ ጻፍኩ፣ ጣልኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ። የወደድኩትን ሰጠሁ። ጋሽ ይጣራ ፈረሙበት፣ ምክትላቸው ፈረሙበት፣ የማተሚያ ቤቱም ሰው ፈረመበት። ሦስት ሺህ ቅጂ ታትሞ በከተማው ግድግዳ ሁሉ፣ በዙሪያው ባሉት ትንንሽ ከተሞች አውቶቡስ ጣቢያ ሳይቀር ተለጠፈ።

እንደ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ፊደል ላስቆጠረ መምህር ስህተቱን ማስረዳት አይከብድም። «በ» በሁለት እግሩ እኩል ይቆማል፤ «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል። እኔ የመጀመሪያውን «በ» ቀኝ እግር ሳላስበው አስረዘምኩት። በሦስት ሺህ ወረቀት ላይ «የአባባ ሰልፍ» የሚል ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብሩሽ የወጣውስ ምን ይባል ይሆን።

ለአንድ ሳምንት ማንም አላየውም። ሰው የሚያነበው የሚጠብቀውን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ግን ለስልክ ተቀባያችን አንዲት ሴት ደወለች፤ ለአባባ ሰልፍ ሴት አያትም ትመጣለች ወይስ ወንድ ብቻ ነው ብላ ጠየቀቻት። ስልክ ተቀባይዋ የምን አባባ ነው ብላ ልትስቅ ስትል ዓይኗ ከፊቷ ያለው ግድግዳ ላይ አረፈ። ጩኸቷን እኔ ከታች ቀለም እየበጠበጥኩ ሰማሁት።

ወጥቼ አየሁት። ከሥራው ስህተት በፊት ያስደነገጠኝ ቃሉ ነበር። አራት ዓመት ከአፌ የከለከልኩት ቃል በእጄ በኩል አምልጦ ከተማውን ሞልቶት ነበር።

ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ይጣራ ጉዳዩ ይጣራ አሉ፤ ለነገሩ የሚጣራ ነገር አልነበረም፣ የረዘመው እግር ከሩቅ ይታያል። ሦስቱ ፈራሚዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፤ እኔ ሦስት ሺህ ትንንሽ «በ» ጽፌ እቆርጣለሁ፣ ሠራተኛው በየግድግዳው እየዞረ ስህተቱ ላይ ይለጥፋል፣ የኔ ነገር ደግሞ ከበዓሉ በኋላ በዲሲፕሊን ይታያል። ከበዓሉ በኋላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከሥራ መባረሩ ብቻውን አይደለም ያስጨነቀኝ። ከተባረርኩ ወደ ቤት መመለሴ ነው፤ ወደ ቤት ከተመለስኩ ደግሞ እርስዎ ልክ ነበሩ፣ እኔም በእርግጥ ተጣድፌያለሁ ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ ስልክ ተቀባይዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ «በ» ስቆርጥ ስልኩ ደግሞ አላርፍ አለ። የሰባት ልጆች አባት የሆነ አናጢ ሰባቱንም ላምጣ ወይስ ወኪል ይበቃል ብሎ ጠየቀ። የአውቶቡስ ሹፌሮች ከተራቸው ላይ ሁለት ሰዓት አስፈቅደው እንደሚመጡ አስታወቁ። አንዲት እናት ባለቤቷ ከሞተ ሁለት ዓመቱ እንደሆነ፣ ልጆቹ ፎቶውን ይዘው ቢሰለፉ ያስቆጣ እንደሆነ በቀስታ ጠየቀች። ስልክ ተቀባይዋ ስልኩን በእጇ ሸፍና ጥያቄውን ነገረችኝ፤ እኔም ይምጡ በያት ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ማን ፈቅዶልኝ እንደሆነ እንጃ። ሰው አንዴ ጉድ ከፈላበት በኋላ ይደፍራል መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ፖስታ መጣ። ውስጡ ያለው ስምንት ቦታ የታጠፈ የራሳችን ማስታወቂያ ነው። ጀርባው ላይ ኖራ ተጣብቆበታል፤ አንድ ሰው ከግድግዳ ላይ አውርዶታል ማለት ነው። ደግሞ ጠርዙ አንድም ቦታ አልተቀደደም፤ ውሃ እያስነካ፣ ጊዜ ወስዶ፣ በትዕግሥት የላጠው ሰው ነው። እርስዎ ከትምህርት ቤት አንዲት ጠመኔ እንኳ ቤት ይዘው ገብተው ስለማያውቁ እንዲህ ያለ ሌብነት ሲሰሙ እንደሚቆጡ እገምታለሁ። ባይሆን ይህንን ሰው ይማሩልኝ። ያቺ እግሯ የረዘመችው «ባ» በቀይ እርሳስ ተከብባለች። ከጎኗ በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር ተስተካክሎ፣ እንዲህ ይላል፤ «ስህተት ነው። ግን አይታረም።» ፊርማ የለውም። የፖስታ ቤቱም ማኅተም ደብዝዟል።

ጋሽ ይጣራ ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። እንዲህ ያለ እጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ዝም ብሎ ቃል አያባክንም አሉ። ከዚያ ልማዳቸው ነውና ይ... ብለው ጀመሩ፤ ሁላችንም ይጣራ ሊሉ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይሁን አሉ። ይሁን! ምክትላቸው ምን አሉ ብለው አጠገባቸው ያለውን ጠየቁ። ለካ የጋሽ ይጣራ አባት በልጅነታቸው ነው የሞቱት፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ብሩሽ የምናጥብበት ክፍል ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ እስኪወጣልኝ ድረስ አለቀስኩ። ስወጣ የማተሚያ ቤቱ ሰው ምን ሆንሽ ቢለኝ ቀለም ዓይኔ ገባ አልኩት። የቆረጥኳቸውን ስምንት መቶ «በ»ዎች በአንድ ከረጢት አድርጌ ጣልኳቸው። መልቀቂያዬንም ቀደድኩት። ማስታወቂያው መዝገብ ቤት ሊገባ ሲል ለመንኩና ሰጡኝ፤ አሁን ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል።

ሰልፉ ባለፈው ቅዳሜ ተደረገ። ኧረ ቢያዩት! አበባ አምራቾቹ በዓላችንን ቀማችሁን ብለው መጀመሪያ ላይ ዱላ ቀረሽ ጠብ አንሥተው ነበር፤ ሊቀ መንበራቸው የአራት ልጆች አባት መሆናቸውን ስልክ ተቀባይዋ ስታስታውሳቸው ግን ረገቡና በስተመጨረሻ ከማርሽ ባንዱ ኋላ ቀድመው የተሰለፉት እሳቸው ሆኑ። ለእያንዳንዱ አባት አንዳንድ አበባ ታደለ። አናጢው ሰባቱንም አምጥቷቸዋል፤ ትንሿ ትከሻው ላይ ሆና ጆሮዎቹን እንደ መሪ ይዛ ታዘዋለች። የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ የመጣ ነበር፤ ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋው አባት ነበር። የዚያች ባሏ የሞተባት እናት ሁለት ልጆች ፎቶውን መሃላቸው ይዘው አለፉ፤ እዚያ ላይ ማርሽ ባንዱ ሳይነገረው ድምፁን ቀነስ አደረገ። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ልጃቸው ደግሞ ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩ፣ አንድ እቅፍ አበባ በሁለት በኩል ይዘው ሄዱ። እኔ የገመዱን ጫፍ ይዤ ሰው ሳስተናግድ ነበር። እነዚያን ሁለቱን በዓይኔ ተከትዬ ድልድዩን እስኪጨርሱ አየኋቸው። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው።

ቤት ገብቼ ያንን የድሮ ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ከሻንጣ አወጣሁት። አልጣልኩትም ነበር። ድሮ ሳነበው ቀዩን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ግን አሥራ ሰባት ቦታ ላይ ቆመዋል። የሦስት ገጽ ደብዳቤ አሥራ ሰባት ቦታ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንዳነበበው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለቱ እርማቶች ግን ልክ አይደሉም፣ መዝገበ ቃላት አይቻለሁ። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። በቀሩት ተሸንፌያለሁ፤ ታፔላ ጻፊ በመሆኔ ግን አልጸጸትም። ይህንንም ፊት ለፊት ልነግርዎት እፈልጋለሁ።

ደብዳቤውን ዛሬ የምጽፍበት ምክንያት ይህ ነው። ትናንት አክስቴ ደወለች። ሰውዬው ኮታቸውን አስተኮሱ፣ ጫማቸውንም አስጠረጉ፣ በመጪው እሑድ ከተማ የዓይን ሐኪም ዘንድ ልሂድ ነው ብለው ትኬት ቆረጡ አለችኝ። እኔም እግዜር ይማራቸው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እሑድ የበዓሉ መዝጊያ ነው፤ በመናፈሻው የሙዚቃ ድግስ አለ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው። መጥተው ከሕዝቡ መሃል ቆመው፣ ከሩቅ አይተውኝ፣ ሳያናግሩኝ በማታው አውቶቡስ እንዳይመለሱብኝ ነው። እንዲህ ሊያደርጉ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር። ከማን ተማርኩት እንግዲህ።

ስለዚህ ደብዳቤው ከእርስዎ ቀድሞ እንዲደርስ ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። የቢሮው ሰዎች ያንን ማስታወቂያ ማን እንደ ላከው እስከ ዛሬ ይገምታሉ፤ አንዳንዱ ጋዜጠኛ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው ይላል። እኔ ምንም አላልኩም፤ እርስዎንም አልጠይቅዎትም። በሁለተኛው ረድፍ ዳር ላይ፣ ለጉልበትዎ እንዲመች፣ ሁለት ወንበር ይዣለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታልዎት፣ ከመንገድ ክፉ ይሰውርዎት፣ በሰላም ያገናኘን። አክስቴን ይሳሙልኝ።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። የዓይን ሐኪሙ እሑድ እሑድ አይሠራም፣ አባባ።

ልጅዎ