የጠላው ሐኪም የአቶ ካሱ ደበሌ የሕይወት ታሪክ (1949–2018 ዓ.ም.)

አቶ ካሱ ደበሌ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌ ዳልኬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበቡ ካንኮ ሚያዝያ 8 ቀን 1949 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ፣ በኦቾሎ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ፓርሶ የሚባለውን የገብስ ጠላ በመጥመቅ በአካባቢው የታወቁ ሴት ነበሩ። ኦቾሎን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው መንደሯ ቋጥኝ ላይ ናት፤ ውሃው ከታች ነው። ሰባት ልጆች እያሉ ውሃ የመቅዳቱ ዕጣ ለምን በአቶ ካሱ ላይ እንደወደቀ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሳቸው ግን «እናቴ ውሃውን ቀምሳ ከየትኛው ምንጭ እንደቀዳሁት ታውቅ ነበር፤ ማጭበርበር አልተቻለም» እያሉ ያስቁን ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኦቾሎ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ አጠናቀቁ። በሒሳብና በኬሚስትሪ ጎበዝ እንደነበሩ አብረዋቸው የተማሩ ይመሰክራሉ፤ በስፖርት በኩል ግን የሚመሰክር አልተገኘም። በ1970 ዓ.ም. በከተማው የውሃ ሥራ በፓምፕ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሥልጠና ወስደው ውሃው በክሎሪን ወደሚታከምበት ክፍል ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ እስኪሰናበቱ ድረስም ከዚያ አልወጡም።

ጥር 1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘርፈሽ ጋር ትዳር መሥርተው በከተማው ላይኛው ሰፈር በሴቻ ኖሩ። ፌቨንን፣ ታዴዎስንና ሄራንንም አፈሩ። ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ ጌታነህ የወይዘሮ ዘርፈሽ ታናሽ ወንድም ነኝ። በሕይወት ታሪክ ላይ ጸሐፊው ስለ ራሱ አያወራም ይባላል። እኔ ግን በዚህ ቤት ያለ ጥፋቴ ተከስሼ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስሜን ባጸዳ ጋሼ ካሱም ቅር አይላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ ጠላ የሚጠምቁት ከዳገቱ ሥር ከሚቀዳ የምንጭ ውሃ ነበር። የእሳቸውን ጠላ የለመደ ሰው ሌላ ቤት ሲጠጣ ከፊቱ ያስታውቅበት ነበር። በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ ገባ። እልል ተባለ። በቧንቧው ውሃ የተጠመቀው የመጀመሪያው ጋን ሲከፈት ግን ክሊኒክ ክሊኒክ ሸተተ። ሁለተኛውም ያው ሆነ። እኅቴ ጌሾ የሚገዙበትን ነጋዴ ለወጡ፤ ብቅሉን ከደጋ አስመጡ። ጋኑን በግራዋ ከማጠባቸው ብዛት ሊበሱት ምንም አልቀራቸውም። በወይራ ጭስም ከድሮው እጥፍ አጠኑት፤ ጠላው ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ጥንስሱ በተጠነሰሰ ዕለት እኔ እዚያ ቤት ብቅ ብዬ እንደነበር ትዝ አላቸው። «ጠላውን ያበላሸው ያንተ ዓይን ነው» ተባልኩ። አራት ወር ሙሉ የእኅቴን ደጅ እንዳልረግጥ ተከለከልኩ።

አቶ ካሱ ሰውን ከመጠርጠር ውሃን መጠርጠር ይቀናቸው ነበር። አራት ማሰሮ አሰለፉ። ብቅሉ አንድ፣ ጌሾው አንድ፣ ቀኑም አንድ ሆኖ ውሃው ብቻ የተለያየ ነበር። የሸማኔ ልጅ ናቸውና እንዳይምታታባቸው በየማሰሮው አንገት ላይ ክር አሰሩ። የምንጩ ነጭ፣ የዝናቡ ቢጫ፣ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳው ቀይ፣ ከቧንቧ ተቀድቶ በሰፊ ዕቃ ሁለት ቀን ክፍቱን ያደረው ደግሞ ጥቁር ክር ደረሰው። ጊዜው ደርሶ ሲቀመስ ነጩ እንደ ድሮው ሆነ። ቢጫው ለዘብ አለ። ቀዩ ክሊኒክ ሸተተ። ጥቁሩ ከነጩ የሚለይበት ነገር ጠፋ። ያንን ሽታ የሚያመጣው ክሎሪኑ ከወይራው ጭስ ጋር ሲገናኝ ነበር፤ ክፍቱን ካደረ ውሃ ግን ክሎሪኑ በኖ ይጠፋል። እኔም በዚሁ ነጻ ወጣሁ።

ጥፋተኛውም አብሮ ተገኘ። ክሎሪኑን በየማለዳው ውሃው ላይ የሚጨምሩት ራሳቸው አቶ ካሱ ነበሩ። ይህንኑ ለባለቤታቸው ሳይደብቁ ነገሯቸው። እኔ ብሆን እደብቅ ነበር።

ያን ጊዜ የእኅቴ የሐምሌ ገብርኤል ማኅበር በቤታቸው ሊውል ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለሁለት ጋን የሚበቃ ውሃ የሚያሳድሩበት ሰፊ ዕቃ በቤቱ አልነበረም፤ እኅቴም በጣም ተቆጥተው ነበር። «አንድ ቀን ብቻ ክሎሪኑን ተወው፤ ቀድቼ ልጨርስ» አሏቸው። አቶ ካሱ «ዘርፌ፣ ክረምት ነው፣ ውሃው ደፍርሷል። በአንድ ቀን የስንት ሰው ልጅ ሆዱን ይታመማል?» ብለው እምቢ አሉ። እኅቴም «እንግዲያውስ ያንተ ውሃ ዳግመኛ ጋኔ ውስጥ አይገባም» አሉ። የእኅቴን ቃል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንደ አለት ነው።

በማግስቱ አቶ ካሱ ከሥራ ሲወጡ ሁለት ጀሪካን በብስክሌት ጭነው ወደ ምንጩ ወረዱ። የሴቻን ዳገትም ብስክሌቱን እየገፉ ወጡት። እንዲህ እየተመላለሱ ሁለቱን ጋን ሞሉ። በማኅበሩ ቀን ሰው ሁሉ ጠላውን አመሰገነ፤ በከተማው ውሃ የታመመ ልጅም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ሦስት ዓመት በዚያ ቤት ለተጠመቀው ጠላ ሁሉ ውሃውን ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ለከተማው ውሃ አክመው፣ ከሰዓት ለቤታቸው ያልታከመ ውሃ ሲቀዱ የሚያያቸው ሰው ይስቅ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። በአንድ ቀን እንኳ ክሎሪኑን አላጓደሉም፤ በአንድ ቀን እንኳ ጀሪካኑን አልጣሉም።

የአራቱ ማሰሮዎች ወሬ ከግቢ ወጣ። የሴቻና የታችኛው ሰፈር የሲቀላ ጠማቂዎች ጠላ በተበላሸባቸው ቁጥር «ጋሼ ካሱን ጥሩልኝ» ማለት ጀመሩ፤ «የጠላው ሐኪም» የሚለው ስምም በዚያው ጸደቀ። ሲጠሩ መጀመሪያ አይቀምሱም፤ ይጠይቃሉ። ውሃው ከየት ነው? ጋኑ በምን ታጠበ? የት ተቀመጠ? የሲቀላዋ ወይዘሮ ውቢት ጠላቸው በበጋ በሦስተኛ ቀኑ እየኮመጠጠ አስቸግሯቸው ነበር። አቶ ካሱ ጋኑን ፀሐይ ከሚመታው ቆርቆሮ አጠገብ አስነሥተው እርጥብ ጆንያ አለበሱትና «ኦቾሎ ሲሆን ብርዱ ይጠብቀዋል፤ እዚህ አንቺ ጠብቂው» አሏቸው። የአቶ ክብሩ ልጅ ልትዳር ሳምንት ሲቀራት ደግሞ ጥንስሱ ሞተ ተብሎ በሩጫ ተጠሩ። ለካ ቸኩለው የፈላ ውሃ አፍስሰውበታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ገሠጿቸውና ከእኅቴ ጋን ደህናውን ድፍድፍ አስመጡ፤ ውሃው እጅ የሚችለው ሲሆን ጨመሩበት። በማግስቱ ጋኑ መፍላት ጀመረ። ሙሽሪት ዛሬ ከልጆቿ ጋር እዚህ አለች። አንድ ሌላ ቤት ደግሞ በርሜሉ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ኖሯል፤ ያን ጠላ የቀመስኩት ዕድለኛ እኔ ነበርኩ።

አቶ ካሱ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አባልና የዕድራቸው ጸሐፊ ነበሩ። ይህን ሁሉ ጠላ ሲያክሙ ኖረው ራሳቸው ከአንድ ጣሳ አያልፉም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የልብ ሕመም ተገኘባቸው፤ ሐኪም ዳገቱን ከለከላቸው። ጀሪካኑን ባጃጅ ማመላለስ ጀመረ። እሳቸው ግን ሹፌሩ ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዳ ምን ይታወቃል ብለው አብሬ ካልሄድኩ ይሉ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ወር ሕመሙ ጠንቶባቸው አልጋ ላይ ዋሉ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ልጆቹ «ባጃጅ እንላክ» ቢሉ ወይዘሮ ዘርፈሽ «አይሆንም» አሉ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጡና ቧንቧውን ከፈቱ። በቤቱ ያለውን ሰፋፊ ዕቃ ሁሉ ሞልተው፣ በነጭ ሻሽ ሸፍነው፣ በረንዳው ላይ ሁለት ቀን አሳደሩት። በዚያው ውሃ ጠመቁ፤ በጋኑም አንገት ላይ ጥቁር ክር አሰሩ።

ኅዳር 12 ቀን ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ለአቶ ካሱ ካሉበት አልጋ ድረስ በጣሳ ተወሰደላቸው። አንድ ጉንጭ ይዘው እንደ ልማዳቸው ሳይውጡ ቆዩ።

«ዘርፌ፣ ይሄ ምንጭ ደህና ነው። የቱ ነው?» አሉ።

«ያንተው ነው» አሉ እኅቴ።

አቶ ካሱ ጣሳውን ጨረሱት። ከዚያ ድገሙኝ አሉ። ሁለት ጣሳ ሲጠጡ ያየሁት በሕይወታቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው በቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አቶ ካሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘርፈሽን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሚስጥርና ሰሊሆም የተባሉ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም የማይቆጠር ጠማቂ ትተው አልፈዋል።

ከቀብር መልስ በሩ ላይ እጃችንን የምንታጠበው ከዚያው ቧንቧ ነው። ጥቁር ክር የታሰረበት ጋንም ከማኅበሩ የተረፈውን ይዞ በረንዳው ላይ ይጠብቀናል። ማንም ሳይቀምስ እንዳይሄድ እኅቴ አደራ ብለዋል፤ የእኅቴን ቃል ታውቁታላችሁ።

ቸሩ እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍት ውሃ አጠገብ ያሳርፍልን። ከየትኛው ምንጭ እንደሆነ ቀምሰው ይነግሩናል። አሜን።