ዝናሽ የተዘለለችበት ተራ

ሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ደ/ማርቆስ
ዛሬም ከአቶ ጌታነህ ጋር ተጣላሁ፣ ማስታወሻዬ። ገና በጠዋቱ። አለቃዬ ነው፣ ምን አደርገዋለሁ። በትራንስፖርት ሴቶችን እኩል ለማድረግ የወጣው መመሪያ ምን ለውጥ እንዳመጣ ለክተሽ አምጪ ያለኝ እሱ ራሱ! ባጃጅ መንዳት ያሠለጠንናቸው ሴቶች ዛሬ የት እንደደረሱ ሄጄ ልይ ስለው፣ ሠልጥነዋል፣ መንጃ ፈቃድ ይዘዋል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይለካል አለኝ።
ልብስ ሰፊ ልኬት የሚወስደው ከጨርቁ ነው እንዴ? ከሰውየው ነው እንጂ! ይህን ግን አልመለስኩለትም። አሁን ነው የመጣልኝ።
ቅዳሜ ደምበጫ እሄዳለሁ። ይፍቀድ፣ አይፍቀድ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ 11 ሰዓት
ለሠልጣኞቹ ስልክ ስደውል ዋልኩ። አንዷን ባሏ ባጃጁን ነጥቋታል፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ቤት ናት። ሌላዋ ድንጋይ ተወርውሮባት ተወችው። አንዷ ስሜን እንዳታነሺ ብላ ዘጋችብኝ። ደምበጫ ላይ የቀረችው ዝናሽ ብቻ። እነዳለሁ እንጂ አለችኝ። ድምፅዋ ግን ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8፣ ከደምበጫ መልስ
ገና ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው። በንዴት።
ገበያው ጢም ብሏል። ዝናሽ ከባጃጆቹ ጋር ተሰልፋለች፣ እኔ ከኋላዋ ተቀምጫለሁ። ተራዋ ደረሰ። ተራ አስከባሪው አልፏት ከኋላ ያለውን ወንድ ጠራ። ደግሞ ሌላውን። ደግሞ ሌላውን።  ወርጄ ተራ አስከባሪውን ምነው አልኩት።
«ተሳፋሪው በሴት አልሄድም ብሎ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»
አንድንም ተሳፋሪ አልጠየቀም! ዓይኔ እያየ!
ተመልሼ ስቀመጥ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ጃንጥላቸውን አጥፈው አጠገቤ ገቡ። ሾፌሮቹ ተንጫጩ፤ «አባ፣ ገደል ትከትዎታለች!»
«ጌታችን ኢየሩሳሌም የገባው በአህያይቱ ነው። ሴት ናት ብሎ ወረደ? ንጂ፣ ልጄ።»
ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ልሳቅ ወይ ልናደድ አላወቅሁም። ደግ ሰው ናቸው። ግን ከአህያ ጋር!
ልትነሳ ስትል አንዱ ሾፌር እጁን ሰዶ ቁልፉን ነቀለና ቦዩ ውስጥ ወረወረው። ዝናሽ ወረደች። ተንበርክካ በዚያ እድፍ ውስጥ በእጇ ዳበሰች። ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ያያል። አገኘችው። በቀሚሷ ጠረገች፣ አስነሳች፣ ነዳች። 
ቄሱ ከወረዱ በኋላ ነው የተነፈሰችው። ገበያ በሆነ ቁጥር እንዲህ ነው፣ እትዬ አለችኝ። ለፖሊስም አመልክታ ነበር። ወንድሞችሽ ናቸው፣ ታረቂ አላት።
ወንድሞችሽ!

ሰኞ፣ ኅዳር 10
አቶ ጌታነህ የጻፍኩትን አነበበ። የደምበጫውን አውጪው አለኝ። ይህ ስሜት ነው፣ ውጤት አይደለም። ሐሙስ ውጤቱን የሚሰሙ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዝናሽ ስትመረቅ ቁልፍ ይዛ የሳቀችበትን ፎቶ እናሳያለን፣ አንቺ ስለ ስኬቷ ትናገሪያለሽ።
እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ! ምላሴን ምን ያዘው? ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ 12 ሰዓት
ለዝናሽ ደወልኩ። ሐሙስ እውነቱን ልናገር ነው አልኳት።  እነዚያ ሾፌሮች ከሰሙ ባጃጄን ያቃጥሉታል አለችኝ። እርስዎ ተናግረው ቢሮዎ ይገባሉ፣ እኔ ግን ቅዳሜ እዚያው ነኝ።
እውነቷን ነው። አፈርኩ። በቃ፣ እተወዋለሁ አልኩ። ይሄኔ ተቆጣች!
«ማን ይተዉት አለዎት? እኔ በሕይወት እያለሁ ስለ እኔ ሌላ ሰው ለምን ይናገራል? እኔው እመጣለሁ።»
ባጃጁስ አልኳት። አጎቴ ግቢ አሳድረዋለሁ፣ ዞሮ ዞሮ በፍርሃት ከቆመ ከተቃጠለ በምን ይሻላል አለች።
ቆርጫለሁ። ሐሙስ ስሜ ሲጠራ ዝናሽን ይዤ መድረክ እወጣለሁ። እኔ አልናገርም። እሷ ትናገራለች፣ እኔ አጠገቧ እቆማለሁ። ከሥራ ቢያባርረኝም…
ስልኬ ይጮሃል። አቶ ጌታነህ ነው። አላነሳም። ይጩህ።