የአባባ ላንድክሩዘር ቴስታታ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለአክረም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? የደማም ሙቀት ትንሽ በረደላችሁ ወይስ እንደዚያው ነው? ባለቤትህ ነጅዋስ? መንታዎቹ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ገበያ ወጥታ ከነጋዴ ጋር እስክትከራከር ድረስ ድናለች። የጎደለን የአንተ ዓይን ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ፈርዶሳ ደማም ወደ ሥራዋ ስትመለስ በእሷ እጅ ላክሁልህ። በስልክማ ገና «መኪናው» ስል «ሽጪው አልኩሽ እኮ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

እንደነገርኩህ፣ ከመሰላ ሰው ጭኜ ስመጣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፈላብኝ። እስኪበርድ ዙህር ልስገድ ብዬ ፈቀቅ አልኩ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፣ ሳቢት የሚባል የጫት ነጋዴ፣ ጫቱ እንዳይጠወልግበት ቸኩሎ፣ ለደግ ብሎ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ በራዲያተሩ ገለበጠበት። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ዘወር ስል ያ ትልቅ ሰውዬ ጀሪካኑን ከጀርባው ደብቋል። ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣ።

ከዚያ አንተ ለአሮጌ መኪና ገዢው ለአብዶ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ፈታትቶ ይሸጠው፣ አንቺም ሹፌርነቱ ይብቃሽና ሱቅ ክፈቺ አልከኝ። እማዬም ከአንተ ጋር አበረች። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን አለቀስኩ። እኔ ወላሂ ከባንኮኒ ኋላ ተቀምጬ ሳሙና የምሸጥ ሰው አይደለሁም። አባባ መሪ ያስጨበጠኝ ለዚህ አልነበረም። ግን ታላቅ ነህና ያለ አንተ እሺታ አንድ ነገር አላደርግም። ቢሆንም አብዶ ሊወስደው ከመምጣቱ በፊት ላስጠግነው ልሞክር አልኩ።

ጋራዦቹ ሁሉ ሌላ ቴስታታ ግዢ አሉኝ። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ከየት ይመጣል? በመጨረሻ እዚሁ ጭሮ ታጁዲን የሚባል በያጅ ተገኘ፤ ወሬኛ ነው፣ ግን እጁም እንደ አፉ ነው። ቴስታታውን አጥቦ ነጭ ጋዝ ቀባው፣ ወልውሎ ጠመኔ ነሰነሰበት። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ እየወጣ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ሠራ። ስንጥቁ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ ሁለቱን ጫፎቹን በሳቸው። ይህ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ ድንገተኛ ሙቀትም ድንገተኛ ብርድም አይችልም አለኝ። ስለዚህ ሙሉውን በከሰል አግሎ፣ ጥቂት ጥቂት እያለ በየደውና አመድ ውስጥ ቀበረው። በራሱ ጊዜ ይብረድ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ አስጠነቀቀን።

ከሰሉን ሊክሰኝ ብሎ ያመጣው ሳቢት ነበር። ታዲያ ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው «ትንሽ ውሃ ብንረጭበት አይፈጥንም?» አይል መሰለህ። ይህ ሰው ከውሃ ጋር ምን እንዳለው እንጃ። ከግቢው አስወጣሁት። በማግስቱ ቴስታታው ከአመዱ ወጣ፣ ፊቱ በማሽን ተስተካከለ፣ ጋዝና ጠመኔውም ተደገመ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ስንጥቅ የለም ማለት ነው።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ እማዬን ፊት ወንበር አስቀምጬ ሚኤሶ ወረድን። ማሽላ እስከ አፉ ጭነን በጠራራ ፀሐይ ዳገቱን ተያያዝነው። ከፈላ ለአብዶ ትሰጪዋለሽ አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ተስቢሕዋን እየቆጠረች ዓይኗን ከሙቀት መለኪያው አልነቀለችም፤ መርፌውም ከመሃል ፈቀቅ አላለም። ጭሮ ደርሰን፣ ሲበርድ ራዲያተሩን ከፍቼ አሳየኋት። ውሃው እንዳለ ነበር።

ማሽላውን አራግፈን መናኸሪያ ስንደርስ እማዬ ወረደች። ወደ ቤት የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አቦ አክረም፣ ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ሻርፗን አጥብቃ «መሰላ፣ መሰላ! ኮታ፣ ኑ ግቡ!» እያለች ሰው መጥራት ጀመረች። አንዱ ሹፌሩ ማነው ብሎ ቢጠይቃት «ልጄ ናት፣ ዝም ብለህ ግባ» አለችው። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ይሄኛው የደስታ ነው።

እንግዲህ ለአብዶ ቃል የሰጠኸው አንተ ነህና አንተው ደውልለት። እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የአባባ ልጅ አይደለህ?

ነጅዋን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። መንታዎቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ስትመጡ አክስታችሁ ከፊት ታስቀምጣችኋለች በላቸው። ታጁዲን ሰላም ብሎሃል፣ ሳቢትም እያፈረ ሰላም ብሎሃል። እማዬ በራሷ አፍ ሰላምታ ታስጽፈኝ ብዬ ብጠብቃት ቤት የለችም። ከማለዳ ጀምሮ መናኸሪያ ናት፤ አሁን ደውላ መኪናው ሞልቷል፣ ምን ትጽፊያለሽ፣ ቶሎ ነይ አለችኝ።

እህትህ ጣሂራ አብዱረዛቅ
ጭሮ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.